ተረት፣ ፍርሃትና የእንጀራ እናት

(ለወላጆች፣ ለአሳዳጊዎችና ለመምህራን የተዘጋጀ ትምህርት)



ራት ተበልቶ፣ ዕቃው ተነሥቶ፣ መብራቱ ሲቀነስ ልጆች ከሚጠይቁት ነገር አንዱ «ተረት ንገሩን» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ በገጠርም በከተማም የነበረ፣ አሁንም በስደት አብሮን ያለ ጥያቄ ነው። ሆኖም የምናውቃቸውን ተረቶች መለስ ብለን ስንመለከት ብዙዎቹ አስፈሪ ሆነው እናገኛቸዋለን። ጅብ ልጅ ይበላል፤ ጭራቅ ሰው ቀቅሎ ይበላል፤ ወላጅ ልጁን ጫካ ውስጥ ጥሎ ይመለሳል፤ የእንጀራ እናት ልጅ ታሰቃያለች።

በወላጆችና በመምህራን ስብሰባ ላይ ስለዚህ ጉዳይ ሁለት ዓይነት አስተያየት ሲሰጥ ሰምተናል። አንደኛው ወገን «እነዚህ ልጆች በዓይናቸው ያዩት ይበቃቸዋል፤ በተረት ደግሞ ለምን እናስፈራቸዋለን?» ይላል። ሁለተኛው ወገን «እኛስ በዚሁ ተረት አይደለም ወይ ያደግነው? ምን ሆንን?» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም አስተያየቶች ለልጅ ከማሰብ የመጡ ናቸው። ነገር ግን ሁለቱም የዘለሏቸው ጥያቄዎች አሉ። በተረቱ ውስጥ ክፉ ተደርጎ የቀረበው ማን ነው? ልጁስ ከፍርሃቱ የሚወጣበት በር አለው ወይ?

ከዚህ ትምህርት በኋላ አንባብያን የሚከተሉትን ሦስት ነገሮች ይገነዘባሉ ብለን ተስፋ እናደርጋለን፦

1. ተረት መንገር ልጅን ከማስፈራራት በምን እንደሚለይ፤
2. ተረት በየጊዜው እንዴት እንደሚለወጥ፣ ክፉ የሚባለውም ሰው እንዴት እንደሚመረጥ፤
3. በየቤታችን አስፈሪ ተረት ስንናገር ምን ማድረግ እንደሚገባን።

(በዚህ ጽሑፍ ስለ አውሮፓና ስለ አሜሪካ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ስለ አገራችን የተጠቀሱት ደግሞ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ተረትና ማስፈራራት አንድ አይደሉም

ተረት ነጋሪ ወሬውን ዝም ብሎ አይጀምርም። በመጀመሪያ «ተረት ተረት» ይላል፤ ልጆቹም «የላም በረት» ብለው ይመልሳሉ። ሲጨርስም «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብሎ ይዘጋል። እነዚህ ቃላት ቤት እንዲመቱ ብቻ የገቡ ሊመስሉን ይችላሉ። ሥራቸው ግን ከዚያ ይበልጣል። በረት ከብቱ ሌሊት ከጅብ የሚጠበቅበት አጥር ነው። ልጁ «የላም በረት» ብሎ ሲመልስ ወደ ተረት መግባቱን ያውቃል። መዝጊያውን ሲሰማም ከተረት መውጣቱን ያውቃል። ጅቡ የሚጮኸው ከአጥሩ ውጭ ነው፤ ልጁ ያለው ከውስጥ፣ ከአያቱ ወይም ከእናቱ ጎን ነው።

ማስፈራራት ግን ሌላ ነው። «ዝም ካላልክ አያ ጅቦ ይበላሃል»፣ «ጆሮ ቆራጭ መጣልሽ» የሚሉት አነጋገሮች በብዙ ቤት የተለመዱ ናቸው። ልዩነታቸውን በሦስት ነጥቦች ማየት ይቻላል።

ሀ/ በተረት ውስጥ የሚፈራው ሌላ ልጅ ነው፤ ሰሚው ከሩቅ ሆኖ ያያል። በማስፈራራት ግን አውሬው የሚጠራው በዚያው በሚያለቅሰው ልጅ ላይ ነው።

ለ/ ተረት መጨረሻ አለው፤ ጅቡ ይታለላል ወይም ይሞታል፤ ልጁ ቤቱ ይገባል። ማስፈራራት ግን መጨረሻ የለውም። ጅቡ እንደ መጣ ይቀራል።

ሐ/ በተረት ጊዜ ትልቁ ሰው የልጁ ጠባቂ ነው። በማስፈራራት ጊዜ ግን ትልቁ ሰው የአውሬው ወገን ይሆናል። ልጁ ሲፈራ መሸሸግ የሚገባው እናቱ ዘንድ ነበር፤ አሁን ግን አውሬውን የጠራችበት እናቱ ናት።

ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ያለ ልጅ በሐሳብ ያየውንና በዓይኑ ያየውን ገና አጥርቶ አይለይም። በመሆኑም ለእርሱ የተጠራ ጅብ የመጣ ጅብ ነው። ይህንን ለማስተዋል ትምህርት አያስፈልግም፤ ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ብቻውን አልሄድም የሚለውን ሕፃን ማየት ይበቃል።

የሰው አገር ተረትም ያስፈራል

በየትምህርት ቤቱና በየቤተ መጻሕፍቱ የሚለገሱ የእንግሊዝኛ የሥዕል መጻሕፍት አሉ። ቀይ ካባ የለበሰችው ልጅ፣ ስኖው ኋይት፣ ሃንሰልና ግሬትል የተባሉት ተረቶች ከነዚህ ውስጥ ይገኛሉ። ሥዕላቸው ያማረ፣ ቋንቋቸው የለሰለሰ በመሆኑ «ነጮች ለልጆቻቸው ጣፋጭ ነገር ብቻ ይነግራሉ፤ የሚያስፈራው የእኛው ብቻ ነው» ብለን ልናስብ እንችላለን። ይህ ግን ትክክል አይደለም።

ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ የቀይ ካባዋን ልጅ ተረት በ1697 ሲያሳትም ታሪኩ የሚያበቃው ተኩላው ልጅቱን በልቷት ነው። የሚያድናት የለም። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ይህንኑ ተረት ያሳተሙት ጀርመናውያኑ ወንድማማቾች ያኮብና ቪልሄልም ግሪም ናቸው። በእነርሱ መጽሐፍ አዳኝ መጥቶ የተኩላውን ሆድ በመቀስ ይቀዳል፤ ልጅቱና አያቷም በሕይወት ይወጣሉ። እንግዲህ አንድ ተረት በአንዱ ዘንድ በር የሌለው፣ በሌላው ዘንድ በር ያለው ሆነ ማለት ነው።

የግሪም ወንድማማቾች መጽሐፋቸውን ያሳተሙት የመጀመሪያውን ክፍል በ1812፣ ሁለተኛውን በ1815 ነበር። በመጀመሪያው እትም ውስጥ ልጆች የከብት አራጅ ጨዋታ ሲጫወቱ አንዱ ሌላውን ማረዱን የሚናገር ታሪክ ሳይቀር ነበረበት። ይህ ለልጅ የሚሆን አይደለም የሚል ትችት ስለ በዛባቸው በ1819 በታተመው ሁለተኛው እትም ውስጥ ይህን ታሪክ አወጡት። በ1825 ደግሞ ለልጆች ይሆናሉ ያሏቸውን 50 ተረቶች ብቻ መርጠው በትንሽ መጽሐፍ አሳተሙ። የመጨረሻው፣ ማለትም ሰባተኛው እትም፣ በ1857 ሲወጣ ተረቶቹ ከ200 በላይ ሆነው ነበር። በነዚህ 45 ዓመታት ውስጥ ተረቶቹ ብዙ ጊዜ ተነካክተዋል፤ ተለውጠዋል።

ከሁሉም ለእኛ የሚቀርበው የሃንሰልና የግሬትል ተረት ነው። በአገሩ ረሃብ ገባ። እንጨት ቆራጩ አባት የሚያበላው አጣ። የቤቱ ሴት «ልጆቹን ጫካ ወስደን ካልተውናቸው አራታችንም ማለቃችን ነው» አለችው። ልጆቹ በረሃብ እንቅልፍ አጥተው ይህን ንግግር ሰሙ። ሃንሰል ነጫጭ ጠጠሮች ለቅሞ በመንገዱ ላይ እየጣለ ሄደ፤ በጨረቃ ብርሃን ጠጠሩን ተከትለው ተመለሱ። ለሁለተኛ ጊዜ ሲወሰዱ ግን የጣለው የዳቦ ፍርፋሪ ስለ ነበር ወፎች በሉት፤ መንገዱም ጠፋ። ከዚያም ከዳቦ የተሠራ ቤት አገኙ። በውስጡም ልጅ የምትበላ አሮጊት ነበረች። በመጨረሻ አሮጊቷን ምድጃ ውስጥ ገፍትራ ወንድሟን ያዳነችው እኅቱ ግሬትል ናት። ልጆቹ የአሮጊቷን ዕንቁ ይዘው ወደ አባታቸው ተመለሱ።

ረሃብን፣ መለያየትን፣ መንገድ መጥፋትን ለሚያውቅ ልጅ ይህ ተረት ባዕድ አይደለም። የሚሰማው የራሱን ነገር ነው። ልዩነቱ በዚህኛው ውስጥ ልጆቹ አንድ የሚያደርጉት ነገር መኖሩ ነው። ጠጠር ይለቅማሉ፤ ያስባሉ፤ አንዷ ሌላውን ታድናለች። በመሆኑም «ልጆቹ ያዩት ይበቃቸዋል» የሚለው አስተያየት ግማሹን ብቻ ያያል። ልጁ ያየውን ነገር ተረት አላመጣበትም። ተረት የሚያመጣለት ያየው ነገር ማለቂያ ሊኖረው እንደሚችል ነው።

እናት እንዴት የእንጀራ እናት ሆነች?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ከላይ «የቤቱ ሴት» ያልናት ማን ናት? ዛሬ በየመጽሐፉ የምናነበው «የእንጀራ እናት» የሚል ነው። በ1812ቱ እትም ግን የልጆቹ የገዛ እናታቸው ነበረች። የእንጀራ እናት ያደረጓት ግሪሞች ራሳቸው ናቸው፤ ይህም የሆነው በ1840 በታተመው አራተኛው እትም ነው። የስኖው ኋይትም ነገር እንዲሁ ነው። በ1812 በልጇ ውበት ቀንታ «ገድለህ ሳንባዋንና ጉበቷን አምጣልኝ» ብላ አዳኝ የላከችው ወላጅ እናቷ ነበረች። በ1819 ግን የእንጀራ እናት ተባለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ግሪሞች ጭካኔውን አላወጡትም። ሳንባውና ጉበቱ እንዳለ ነው፤ ረሃቡም ጫካውም እንዳለ ነው። የለወጡት ጨካኟን ብቻ ነው። ተመራማሪዎች ስለዚህ ሲጽፉ ወንድማማቾቹ የእናትን ክብር ለመጠበቅ ፈልገው ነው ይላሉ። የእናት ክብር ተጠበቀ፤ ዕዳውን ግን ሌላ ሴት ከፈለችው። በዓለም ላይ ስንትና ስንት ልጅ በእንጀራ እናት እጅ ያድጋል፤ እነዚያ ሁሉ ልጆች መጽሐፉን ሲከፍቱ ያገኙት ራት የምታቀርብላቸውን ሴት ነው።

የወንድማማቾቹ የራሳቸው ሕይወት ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። አባታቸው በ1796 ሲሞት ታላቁ ያኮብ የ11 ዓመት ልጅ ነበር። እናታቸው ስድስት ልጆች ይዛ ቀረች። ሁለቱን ልጆች በ1798 ወደ ካስል ከተማ አስመጥታ ትምህርት ቤት እንዲገቡ የረዳቻቸው አክስታቸው ናት። እርሷም በቤተ መንግሥት የምታገለግል ሴት ነበረች። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ለወግ ለማዕረግ የበቁት ከወላጅ እናታቸው ሌላ የአንዲት ሴት እጅ ደግፏቸው ነው።

በ1976 አሜሪካ ውስጥ ብሩኖ ቤተልሃይም የተባለ ሰው ስለ ተረትና ስለ ልጆች አእምሮ አንድ የታወቀ መጽሐፍ አሳተመ። ይህ ሰው የቪየና ተወላጅ አይሁዳዊ ሲሆን ናዚዎች በ1938 ይዘው በዳኻውና በቡኸንቫልድ እስር ቤቶች አጉረውት ነበር፤ በ1939 ተፈትቶ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ሐሳቡ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ልጅ በልቡ ፍርሃትም ቁጣም አለው፤ አስፈሪ ተረት ይህንን መልክ ይሰጥለታል። ስለ ክፉዋ የእንጀራ እናትም ሲናገር፣ ልጅ እናቱ ስትቆጣው ክፉዋን ሴት በሐሳቡ ለይቶ በእርሷ ላይ ይናደዳል፤ ደጓ እናቱ ግን በልቡ ውስጥ እንደ ተወደደች ትቀራለች ይላል። በ1990 ከሞተ በኋላ ጠባዩም ሥራው ብዙ ተተችቷል። ስለዚህ ሐሳቡን እንደ ሐሳብ እንውሰደው።

ይህ ሐሳብ እናቱ አጠገቡ ላለች ልጅ ይሠራ ይሆናል። ወላጅ እናቱ ለሞተችበት ወይም በመንገድ ለተለየችው፣ አሁንም በእንጀራ እናት ወይም በአሳዳጊ ቤት ላለ ልጅስ? ለእርሱ ክፉዋ ሴት በሐሳብ ያለች አይደለችም። ከጎኑ ተኝታለች። በክፍል ውስጥ ስለ ቤተሰብ በምናስተምርበት ጊዜ አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪ «የእንጀራ እናቴ ክፉ ናት» አለች። «ምን አደረገችሽ?» ብለን ጠየቅናት። «ምንም አላደረገችኝም፤ ግን የእንጀራ እናት ክፉ ናት» ስትል መለሰች። ልጅቱ የምትናገረው ያየችውን ሳይሆን የሰማችውን ነበር። በዚያች ሴት ቤት ስትገባ ፍርዱ ቀድሟት ገብቶ ነበር።

የእኛው ቃልና የእኛው ተረት

በአማርኛችን የአባትን ሚስት «የእንጀራ እናት» እንላለን። ቃሉ ራሱ እንጀራ የምታበላ እናት ማለት ነው። በውስጡ ስድብ የለበትም፤ እንዲያውም የምትሠራውን ሥራ ይናገራል። ካምፕ ውስጥ የራሽን ዱቄት ተቀብላ፣ ማገዶ ፈልጋ፣ ያልወለደችውን ልጅ የምታበላ ሴት ከዚህ የተሻለ ስም አይወጣላትም። ክፋቱ የመጣው ከቃሉ ሳይሆን ከተረቱ ነው።

በሌላ በኩል ግን የእንጀራ እናትን በሌላ ዓይን የሚያይ ተረት በአገራችን አለ። በተለያየ መልክ ይነገራል። በአንዳንድ ቦታ ስለ ባልና ሚስት ሆኖ ይተረታል፤ የእንጀራ እናት የምትገኝበትን ደግሞ ራስል ዴቪስና ብሬንት አሽብራነር የተባሉ አሜሪካውያን በ1959 በእንግሊዝኛ ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መጽሐፍ ውስጥ አካተውታል። እኛ በራሳችን አነጋገር እንደሚከተለው እናቀርበዋለን።

ተረት ተረት። የላም በረት።

አንዲት ሴት እናቱ የሞተችበት ልጅ ያለው ሰው አገባች። የራሷ ልጅ ስላልነበራት «ልጅ አገኘሁ» ብላ ደስ አላት። ልጁ ግን ፊት ነሣት። የሠራችለትን ወጥ አልበላም አለ። የተቀደደ ልብሱን ብትሰፋለት መልሶ ቀደደው። ልታቅፈው ስትጠጋ ይሮጣል። «አንቺ እናቴ አይደለሽም» ይላታል። ሴትዮዋ ሌሊት እያለቀሰች ብዙ ቀን ቆየች። በመጨረሻ በበረሃ ወደሚኖር አንድ ጠቢብ ሄዳ «ልጁ እንዲወደኝ መስተፋቅር ሥራልኝ» አለችው። ጠቢቡም «እሠራልሻለሁ፤ ነገር ግን ከአንድ ጎፈሬው ከጠቆረ፣ በሕይወት ካለ ኃይለኛ አንበሳ ጢም ሦስት ፀጉር ነቅለሽ አምጪልኝ» አላት።

ሴትዮዋ ደነገጠች፤ ግን ተስፋ አልቆረጠችም። ሥጋ ይዛ አንበሳው ወዳለበት ሄደች። ሲያገሣ ሥጋውን ከሩቅ ጥላ ሸሸች። በማግሥቱ ትንሽ ቀረብ ብላ ጣለችለት። በሦስተኛው ቀን ከዚያ ቀረብ አለች። እንዲህ እያለች ብዙ ቀን ቆይታ አንበሳው ከእጇ መብላት ጀመረ። በመጨረሻ እየበላ ሳለ በቀስታ ሦስት ፀጉር ነቀለች፤ አንበሳውም ምንም አላላትም።

ሮጣ ወደ ጠቢቡ ሄደችና «ይኸው አመጣሁ! መስተፋቅሩን ስጠኝ» አለችው። ጠቢቡ ፀጉሩን አይቶ «መስተፋቅር አልሠራልሽም። አንበሳ ማላመድ የቻልሽ ሴት ልጅ ማላመድ አያቅትሽም። ወደ አንበሳው እንደ ተጠጋሽ ወደ ልጁም ተጠጊ» አላት። ሴትዮዋም ቤቷ ተመልሳ እንደዚያው አደረገች። ጊዜ ፈጀ፤ ልጁ ግን ልጇ ሆነ።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።

ይህም ተረት የሚያስፈራ ነው፤ ሞት አለበት፣ አንበሳም አለበት። ነገር ግን ፍርሃቱ የተቀመጠበትን ቦታ እንመልከት። በግሪሞች ዘንድ ልጁ የእንጀራ እናቱን ይፈራል። በዚህኛው ግን የምትፈራው ሴትዮዋ ናት። ልጁም ክፉ አልተባለም፤ እናቱን ያጣ፣ የቆሰለ ልጅ ነው። ይህን ተረት የሚሰማ ልጅ «ለካ እርሷም ትፈራለች፤ እርሷም ትጥራለች» ብሎ ያስባል። አሳዳጊዋም ብትሰማ ልጅ በአንድ ሳምንት እንደማይላመድ ትረዳለች።

ተረት የሚያቆስልበት ጊዜ

በልጅነት የተሰማ ተረት ካደግን በኋላም ከእኛ ጋር ይኖራል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ለብዙ ዓመታት ተረት ሲነግሩ የኖሩት አባባ ተስፋዬ ሣህሉ በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ ልጅ ሆነው የሰሟቸው ሰዎች ራሳቸው የልጅ ወላጅ ሆነው አልቅሰውላቸዋል። በልጅነት የገባ መልካም ነገር እንዲህ ይቆያል። ክፉውም እንደዚሁ ይቆያል።

ለምሳሌ የቡዳን ወሬ እንውሰድ። ብረት ሠሪ፣ ሸክላ ሠሪና ቆዳ ሠሪ የሆኑ ሰዎች ሌሊት ሌሊት ጅብ ይሆናሉ የሚለውን አፈ ታሪክ ያልሰማ በጣም ጥቂት ነው። ቤተ እስራኤላውያንም በዚሁ ወሬ ብዙ ተበድለዋል። ሰው ጅብ ሲሆን በዓይኑ ያየ የለም። የሰማነው ግን በአያት ጭን ላይ ሆነን፣ በጨለማ፣ ልባችን እየመታ ነው። በዚህም የተነሣ አድገን ስንማር እንኳ «አላምንበትም» እያልን አብሮ ለመብላትና ለመጋባት የምናመነታ ብዙዎች ነን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጅ ግን ሌሊት በእሳት ዳር የሚነገረውን ተረት በቀላሉ አይደርስበትም። ማረም የምንችለው ተረት ነጋሪዎቹ ነን።

በካምፓችን ልዩ ልዩ ብሔሮችና የልዩ ልዩ አገር ስደተኞች በአንድ ቧንቧ ውኃ ይቀዳሉ። ልጅ ስለ ጅብ ሲሰማ «ጅቡ እነማን ናቸው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ለዚህ ጥያቄ «ጅቡ እነ እገሌ ናቸው» የሚል መልስ የሰጠ ወላጅ ተረቱን ከበረት አውጥቶ ለቀቀው ማለት ነው። ያ ልጅ በማግሥቱ ትምህርት ቤት ከማን ጎን ይቀመጣል? ጅብ ጅብ ነው ብሎ መመለስ ይበቃል።

ይህ ማለት ግን ተረት ስለ ግፍ አይናገር ማለት አይደለም። የአህያዋን ተረት ሁላችንም እናውቃለን። ድርቅ በሆነ ጊዜ አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ተሰብስበው «ይህ መዓት የመጣው በኃጢአታችን ነው፤ እንናዘዝ» ተባባሉ። አንበሳ በሬ መብላቱን ተናገረ፤ «ይህ ኃጢአት አይደለም» አሉት። ነብር ፍየል መብላቱን ተናገረ፤ «ይህም አይደለም» አሉት። ጅብ ዶሮ መብላቱን ተናገረ፤ «አይደለም» አሉት። አህያዋ «ጌታዬ ቆሞ ሲያወራ ከመንገድ ዳር ትንሽ ሣር ነጭቻለሁ» ስትል «መዓቱን ያመጣሽብን አንቺ ነሽ!» ብለው በሏት።

ይህ ተረት አዳኝ የለውም፤ ለትንሽ ልጅም አይሆንም። ለ10 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ልጆች ግን ትልቅ ትምህርት አለው። በዚህ ተረት ክፉው በዘሩ ወይም በቤተሰቡ አልታወቀም፤ በሥራው ታወቀ። «አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ» የሚለው አባባልም የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ልጁ ካደገ በኋላ ብዙዎች ተሰብስበው አንድ ደካማ ላይ ሲፈርዱ ባየ ጊዜ አህያዋ ትዝ ትለዋለች። ከፈራጆቹ ጋር ከመጮኹ በፊትም ቆም ይላል።

በቤታችን ምን እናድርግ?

1. ተረቱን እንጨርስ። ጅቡ በር ላይ ቆሞ ሳለ «የቀረውን ነገ» ብለን ልጁን አናስተኛው። እንቅልፍ ከመጣ «በመጨረሻ ልጆቹ ዳኑ» ብለን እንዝጋው። መክፈቻውንና መዝጊያውንም አንርሳ።

2. ዕድሜን እንመልከት። ለትናንሽ ልጆች የጦጢትንና የአያ ጅቦን ብልጠት፣ የማሞ ቂሎን ሞኝነት እንንገር። ረሃብና መጣል ያለባቸውን ለትምህርት ለደረሱ፣ መዳን የሌለባቸውን ደግሞ ለበሰሉት እናቆይ።

3. ልጁ ይሳተፍ። በመሃል ቆም ብለን «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ብለን እንጠይቅ። ያንኑ ተረት አሥር ጊዜ ቢጠይቅም እንድገምለት፤ በውስጡ የሚፈልገው ነገር አለ።

4. የሚያድነው ማን እንደሆነ እንመልከት። ሁልጊዜ ወንድ ልጅ ብቻ የሚያድን ከሆነ ሴቶች ልጆቻችን መጠበቅን ብቻ ይማራሉ። ግሬትል ወንድሟን እንዳዳነች እንንገራቸው።

5. በእንጀራ እናት ወይም በአሳዳጊ ቤት ላለ ልጅ የክፉዋን የእንጀራ እናት ተረት ብቻ አንንገር። ሰምቶት ከሆነ የአንበሳውን ፀጉር እናስከትልለት። ጎረቤትም ልጁን «ትመታሃለች? ታበላሃለች?» እያለ በሹክሹክታ ከመጠየቅ ይቆጠብ። በእርግጥ የሚጎዳ ልጅ ካለ ግን ዝም አይባልም። ይህ ተረት አይደለምና ለልጆች ጥበቃ ሠራተኞች ወዲያው ይነገር።

6. ምልክቶችን እናስተውል። ልጁ ለብዙ ሳምንታት በቅዠት የሚነቃ፣ ትቶት የነበረውን አልጋ ማርጠብ እንደገና የጀመረ፣ መናገር ያቆመ ወይም ያየውን አደጋ በጨዋታ ሳያቋርጥ የሚደጋግም ከሆነ በተረት ብቻ እናድነዋለን አንበል። ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ማኅበራዊ ሠራተኞች እንውሰደው።

ማጠቃለያ

ከአገራችን ስንወጣ ይዘን የመጣነው ዕቃ ጥቂት ነው። ተረት ግን ፍተሻ አያስቀረውም፤ ሁላችንም ይዘነዋል። ልጆቻችን ነገ የትም ቢኖሩ፣ አገራቸው ቢመለሱም ሦስተኛ አገር ቢሄዱም፣ ይህንን ይዘው ይሄዳሉ። ስለዚህ ጅቡንም ጭራቁንም አንደብቃቸው፤ ዓለም ጅብ የለውም ብለን ብንነግራቸው አያምኑንም። ነገር ግን በጅቡ ቦታ ጎረቤታቸውን ወይም እንጀራ የምታበላቸውን ሴት አናስቀምጥ። ተረቱንም ሳንዘጋ አንነሣ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በልጅነታችሁ በጣም ያስፈራችሁ ተረት የትኛው ነበር? መጨረሻው ምን ነበር?
2. በዚያ ተረት ውስጥ ክፉ የተባለው ማን ነው? ክፉ የተባለው በሠራው ሥራ ነው ወይስ በማንነቱ?
3. ግሪሞች እናትን ወደ እንጀራ እናት መለወጣቸው ማንን ጠቀመ? ማንንስ ጎዳ?
4. የአንበሳውን ፀጉር ተረት ልጁ ራሱ ቢናገረው ኖሮ እንዴት ብሎ የሚጀምር ይመስላችኋል?

የቤት ሥራ (ለ5ኛ ክፍልና ከዚያ በላይ)፦ ከአንድ አረጋዊ ወይም አረጋዊት አንድ ተረት ጠይቃችሁ ጻፉ። ተረቱን የነገራችሁ ሰው ከሌላ ብሔር ወይም ከሌላ አገር ቢሆን ይመረጣል። የእናንተን ቤት ተረትም በምላሹ ንገሩት።